ማውስ ወይስ ትራክቦል? ለንግድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የሚስማማውን መሣሪያ ስለ መምረጥ

የንግድ ሥራ በስፋቱ እየጨመረ በሄደ መጠን የሚሠራበትም መሣሪያ እየረቀቀና እየተሻሻለ መሄዱ የማይቀር ነው። ቀድሞ ነጋዴው ሒሳቡን በልቡና በደብተሩ ይይዝ ነበር። ቀጥሎም የጽሕፈት መኪናና የመደመሪያ መኪና መጥተው ሥራውን አቀለሉለት። ዛሬ ደግሞ የዕቃው ቆጠራ፣ የደንበኞቹ ዕዳ፣ የግብሩ ሒሳብና ከባንክ ጋር የሚደረገው መጻጻፍ አብዛኛው የሚያልፈው በኮምፒዩተር በኩል ሆኗል።

ነጋዴው ኮምፒዩተር ሊገዛ በሄደ ጊዜ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ስክሪኑ ስፋት፣ ስለሚይዘው መዝገብ ብዛትና ስለ ዋጋው አጥብቆ ይጠይቃል። ከዕቃው ጋር ተጨምሮ ስለሚሰጠው ስለ ትንሹ ማውስ ግን የሚጠይቅ ሰው አይገኝም፤ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ነገር ግን የጸሐፊው እጅ ከጧት እስከ ማታ የማይለየው ከዚሁ ከተናቀው ዕቃ ነው። እጁ የታመመበት ጸሐፊ ኮምፒዩተሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሥራው ይዘገያል፤ ጸሐፊው የዘገየበት ነጋዴም ጭነቱ በበሩ ላይ ቆሞ ይውልበታል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማውስንና ትራክቦል የሚባለውን ሌላ መሣሪያ እያነጻጸርን፣ ለየትኛው ሥራ የትኛው እንደሚስማማ፣ ዕቃውን አስመጥቶ ለመሸጥ የሚያስብም ነጋዴ አስቀድሞ ምን ማወቅ እንደሚገባው ለአንባቢያን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሁለቱ መሣሪያዎች ምንድን ናቸው?

ማውስ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነው። ስያሜው የወጣለት አካሉ ትንሽ ከመሆኑም በላይ ገመዱ እንደ ጅራት ስለሚታይ ነው። ሠራተኛው መዳፉን በላዩ አሳርፎ በጠረጴዛው ላይ ሲገፋው በስክሪኑ ላይ ያለው ጠቋሚ ቀስት እጁ ወደሄደበት ይሄዳል። ቀድሞ የነበሩት ማውሶች በሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ኳስ ነበራቸው፤ ኳሱ በጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል ቀጫጭን ዘንጎችን ያዞርና የዘንጎቹ መዞር ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጥ ነበር። ዛሬ የሚሸጡት ግን ኳስ የላቸውም። በሆዳቸው ትንሽ መብራትና ብርሃን የሚቀበል ዐይን አላቸው፤ ይህም ዐይን የጠረጴዛውን ገጽ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ አንዱን ሥዕል ከቀዳሚው ጋር በማስተያየት እጁ ወዴትና ምን ያህል እንደ ሄደ ያሰላል።

ትራክቦል ይህንኑ አሠራር የገለበጠ መሣሪያ ነው። አካሉ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አይነቃነቅም፤ ኳሱ በሆዱ ሳይሆን በላዩ ላይ ስላለ በጣት ይንከባለላል። እጅ አርፎ ጣት ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ትራክቦል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኳሱ በጎኑ ላይ ሆኖ በአውራ ጣት የሚንከባለል ሲሆን ቅርጹ አብዛኛውን ጊዜ ለቀኝ እጅ ብቻ የተበጀ ነው። ሁለተኛው ኳሱ ትልቅ ሆኖ በመካከል ይቀመጥና በአመልካች ጣትና በመሐል ጣት ይንከባለላል፤ ይህኛው በሁለቱም በኩል እኩል ሆኖ ስለሚሠራ ግራኝም ቀኝም ሊገለገልበት ይችላል።

ከየት መጡ?

ብዙ ሰው ማውስ ቀዳሚ፣ ትራክቦል ተከታይ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ለእንግሊዝ ባሕር ኀይል ይሠራ የነበረው ራልፍ ቤንጃሚን ለራዳር ሥራ የሚያገለግል በኳስ የሚመራ ጠቋሚ ፈለሰፈ። ነገሩ የጦር ምስጢር ሆኖ ስለ ተያዘ ግን ወደ ገበያ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1952 ገደማ ደግሞ ቶም ክራንስተን፣ ፍሬድ ሎንግስታፍና ኬንዮን ቴይለር የተባሉ መሐንዲሶች ዳታር በተባለው የካናዳ ባሕር ኀይል ፕሮጀክት ውስጥ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሠሩ፤ የተጠቀሙበትም ኳስ ካናዳውያን ለቦውሊንግ ጨዋታ የሚገለገሉበት ነበር።

ማውስን ያሰበው አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት ነው። በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1964 ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ሠራለት፤ ይኸውም ከሥሩ ሁለት መሽከርከሪያ ያለው ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ሣጥን ነበር። ኤንግልባርት ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ መሣሪያውን በብዙ ባለሙያዎች ፊት አሳየ። በዚያው ዘመን ቴሌፉንከን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ትራክቦልን ወደ ታች ገልብጦ በኳስ የሚንከባለል ማውስ አቀረበ። ከዚያ በኋላ የዜሮክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የአፕል ኩባንያም በ1984 ማውስ ያላቸውን ኮምፒዩተሮች ለገበያ ስላወጡ መሣሪያው በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ኤንግልባርት ግን ከሚሸጠው ማውስ ላይ የፈጠራ ድርሻ ሳያገኝ ቀረ፤ የፈጠራው መብት ዘመን ያለፈው ዓለም ሁሉ ማውስ መግዛት በጀመረበት ሰዓት ነበርና። ፈጠራና ገበያ ሁልጊዜ በአንድ ቀን እንደማይመጡ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

በአገራችንም ቢሆን የእጅ ሥራ ወደ ጣት ሥራ እንዴት እንደ ተዛወረ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር ገዥና ሻጭ በአዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው ዋጋ እየተጣሩ፣ በተስማሙም ጊዜ መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ውላቸውን ያጸኑ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር መዛወር ስለ ጀመረ የመዳፉን ቦታ የጣት ጫና ተካው። የሰው መዳፍ ስትመታ ሰውየው ያይሃል፤ ብትሳሳትም «ቆይ» ይልሃል። ጣት በመሣሪያ ላይ ስትስት ግን የሚነግርህ የለም። መሣሪያውን በጥንቃቄ መምረጥ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

በእኔ ላይ የደረሰው

በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የእህል ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆነኝ። አሠሪዬ ጤፍ፣ ስንዴና ኑግ ከአካባቢው ገበያዎች እየሰበሰቡ ዓባይን አሻግረው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው የእህል መግቢያ ወራት የሚዛን ወረቀቱ በየቀኑ ይከመራል፤ እያንዳንዱም ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር መግባት አለበት። የምሠራበት ክፍል ከመጋዘኑ ጋር በር ለበር ስለሆነ ጆንያ በተራገፈ ቁጥር ብናኙ ወደ እኛ ይገባል። በጠረጴዛዬ ላይ ኮምፒዩተሩ፣ የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ፣ ሁለት ትልልቅ ደብተርና የወረቀት መውጊያ ተደርድረው ለማውሱ የሚተርፈው ቦታ የእጅ መዳፍ ያህል ነው።

ሦስት የእህል ወራት እንዲህ ካለፈ በኋላ ሌሊት አውራ ጣቴና ቀጥሎ ያሉት ሁለት ጣቶቼ እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኝ ጀመር። ነገሩን ለማንም አልተናገርሁም። አንድ ቀን ግን አሠሪዬ በእጅ የጻፍሁትን የጭነት ወረቀት አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ጽሕፈትህ ተለወጠብኝ፤ እጅህ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሰውን እጅ ጽሕፈት እየለየ የኖረ ነጋዴ የሚያመልጠው ነገር የለም። ሐኪም ዘንድ ብሄድ የእጄን አንጓ እያጎነበስሁ ሳላቋርጥ በመሥራቴ ነርቩ ተጨንቆ እንደሆነ ነገረኝ፤ እጄን እንዳሳርፍ፣ አሠራሬንም እንድለውጥ መከረኝ።

አሠሪዬ ከውጭ አገር በሚመጣ ሰው በኩል በአውራ ጣት የሚሠራ ትራክቦል አስመጡልኝ። በሦስተኛው ቀን ምን ደረሰ? መስመር መርጬ ወደ ሌላ ቦታ ስጎትት ኳሱ ከአውራ ጣቴ አምልጦ የአንዱ ደንበኛ 35 ኩንታል ጤፍ በሌላው ደንበኛ ስም ተመዘገበ። ማታ መዝገቡን ከሚዛን ወረቀቶቹ ጋር ስናስተያይ ስሕተቱ ተገኘና ታረመ። በዚያው ቢያልፍ ኖሮ ግን ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም ነበር፤ ገበሬ አንድ ጊዜ «መዝገባቸው አይታመንም» ያለውን ነጋዴ ተመልሶ አይጎበኝም። እኔም በኀፍረት መሣሪያውን ልመልስ ባልሁ ጊዜ አሠሪዬ፣ «መሣሪያው እጅህን ለምዶታል፤ እጅህ ግን መሣሪያውን ገና አለመደውም። ሁለት ሳምንት ታገሥ፤ እስከዚያው ግን ጉተታ የሚጠይቀውን ሥራ በቀድሞው አድርገው» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ኳሱን ሳላየው አንከባልለው ጀመር፤ ከሁለት ወር በኋላም የሌሊቱ መደንዘዝ እየቀለለኝ ሄደ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ትራክቦልን አመስግኜ ጽሑፌን በዘጋሁ ነበር። ዳሩ ግን በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአውራ ጣቴ ሥር ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ የእጁ ድካም ወደ አንድ ጣት ተጠራቅሞ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ጧት በግራ እጄ ማውስ፣ ከሰዓት በኋላ በቀኝ እጄ ትራክቦል እያፈራረቅሁ እሠራለሁ። ከሁለቱ መሣሪያዎች ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ማፈራረቅ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የሁለቱ ጥቅምና ጉድለት

1ኛ/ ስለ ቦታ። ማውስ የሚገፋበት ሜዳ ይፈልጋል፤ ትራክቦል የሚቀመጥበትን ያህል ብቻ ይበቃዋል። ጠረጴዛው በደብተርና በደረሰኝ ለተጨናነቀበት ሱቅ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ከዚህም በቀር በአብዛኛው ኪቦርድ ላይ የቁጥር ቁልፎቹ በቀኝ በኩል ስለሚገኙ ማውሱ ከነሱ አልፎ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ክንድም ተዘርግቶ ስለሚውል ትከሻ ይደክማል። ሒሳብ ሠራተኞች ማታ ማታ የቀኝ ትከሻቸውን የሚያሹት ብዙውን ጊዜ ስለዚህ ነው። ትራክቦልም ቢሆን ከቁጥር ቁልፎቹ ወዲያ ከተቀመጠ ያው ነው፤ ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ጥግ ድረስ አስጠግቶ ለማስቀመጥ ይቻላል።

2ኛ/ ስለ ጠረጴዛው ገጽ። በብዙ ነጋዴዎች ቤት ጠረጴዛው በመስተዋት የተሸፈነ ነው፤ ከመስተዋቱም ሥር የዋጋ ዝርዝርና የዘመን መቁጠሪያ ይታያል። ተራ ማውስ በጠራ መስተዋት ላይ በደኅና አይሠራም፤ ዐይኑ የሚያስተያየው ምልክት ያጣልና ቀስቱ ይዘላል ወይም ይቆማል። ባለቤቱም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል። መድኃኒቱ አንድ ወረቀት ወይም ቁራጭ ካርቶን ከሥሩ ማንጠፍ ነው። ትራክቦል ግን በመስተዋትም፣ በጨርቅም፣ በጆንያ ላይም ቢቀመጥ ኳሱን እንጂ ጠረጴዛውን ስለማያይ ግድ የለውም።

3ኛ/ ስለ ብናኝና ስለ ጽዳት። በዚህ ረገድ የዘመኑ ማውስ ይበልጣል፤ የሚንከባለል ነገር ስለሌለው ከሥሩ ያለችውን ቀዳዳ አልፎ አልፎ መጥረግ ይበቃል። የትራክቦል ኳስ ግን የሚያርፍባቸው ሦስት ጥቃቅን ነጥቦች አሉ፤ የእጅ ወዝና የእህል ብናኝ በነሱ ላይ ተጠራቅሞ ኳሱን ያንቀራፍፈዋል። ሲንቀራፈፍ ኳሱን አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ነጥቦቹንም ማጽዳት ያስፈልጋል። ከእህል መጋዘን አጠገብ በየሳምንቱ፣ በጸዳ ቢሮ ውስጥ በየወሩ ቢደረግ ይበቃል። ምሳ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው ትራክቦል ባይገዛ ይሻለዋል።

4ኛ/ ስለ ፍጥነትና ስለ ትክክለኛነት። እ.ኤ.አ. በ1991 ስኮት ማኬንዚ፣ አቢጌል ሴለንና ዊልያም ባክስተን የተባሉ ተመራማሪዎች ማውስን፣ በብዕር የሚሠራ ሠሌዳንና ትራክቦልን አወዳድረው ነበር። ትራክቦል በመጠቆምም ሆነ በመጎተት ሥራ ከሦስቱ የዘገየ ሆኖ ተገኘ፤ በጉተታም ጊዜ ስሕተቱ በዛ። ምክንያቱ የሚያስቸግር አይደለም፤ መጫኛውን ተጭኖ ይዞ በዚያው እጅ ኳስ ማንከባለል ጣትን ከጣት ያጣላል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ተሻሽለዋል፤ ልማድም ብዙውን ልዩነት ያጠባል። ቢሆንም ሥዕል የሚሥል፣ ማስታወቂያ የሚነድፍ፣ በስክሪን ላይ ብዙ ዕቃ የሚጎትት ሠራተኛ ማውስ ቢይዝ ይጠቀማል።

5ኛ/ ስለ መለማመድ። ማውስን ማንም ሰው በአንድ ቀን ይለምደዋል። ትራክቦል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገሩ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ ትራክቦልን በእህል መግቢያ ወራት ወይም ዓመታዊ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን መጀመር ስሕተት ነው። ገበያ ቀዝቀዝ በሚልበት በክረምት መጀመር ይመረጣል።

6ኛ/ ስለ መጋራት። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሦስትና አራት ሰው በሚፈራረቅበት ሱቅ ትራክቦል ጠብ ያመጣል። አንዱ ለምዶት ሌላው ያላወቀው እንደሆነ በየጊዜው እየነቀሉ መተካት ይሆናል። በእኛ ቤት የሽያጩን ሥራ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ «ይህስ የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ እስከ ዛሬ አልነካውም፤ አልፈርድበትምም።

7ኛ/ ስለ እጅ ጤና። ትራክቦል የክንድንና የትከሻን እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ የእጅ አንጓም ከቦታው ሳይነቃነቅ ያርፋል። ነገር ግን ከላይ እንደ ተናገርሁት የአውራ ጣቱ ዓይነት ሥራውን ሁሉ በአንድ ጣት ላይ ስለሚጭን ጅማቱን ሊያስቆጣ ይችላል። በሁለት ጣት የሚሠራው ዓይነት ጫናውን ያከፋፍላል፤ ዳሩ ግን ቁመቱ ከፍ ያለ ከሆነ የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ ከመዳፍ ሥር ድጋፍ ይፈልጋል። ሁለቱም መሣሪያዎች መድኃኒት አይደሉም። መደንዘዙ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ጣትም ዕቃ መያዝ እያቃተው የሚሄድ ከሆነ ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ገንዘብ ሳይወጣ በፊት

አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ያለ ዋጋ የሚገኙ አራት ነገሮችን መሞከር ይጠቅማል።

አንደኛ፣ በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የቀስቱን ፍጥነት መጨመር ነው። ቀስቱ ፈጣን ሲሆን እጅ ትንሽ ብቻ ተንቀሳቅሶ ስክሪኑን ያዳርሳል።

ሁለተኛ፣ ወንበርንና ጠረጴዛን ማስማማት ነው። ክርን ከጠረጴዛው ጋር እኩል ካልሆነ አንጓ ይታጠፋል። ወንበሩ ዝቅ ያለ ከሆነ የታጠፈ ጋቢ ማንጠፍ እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛ፣ ከኪቦርዱ አለመራቅ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ለመዝለል ታብ የሚባለውን ቁልፍ፣ ለማጽናት ደግሞ ኢንተርን መጫን ይቻላል። ብዙዎቻችን ግን አንድ ቁጥር ጽፈን እጃችንን ወደ ማውስ፣ ከማውስም ወደ ቁጥር እየመለስን እንውላለን። ይህን ልማድ የተወ የሒሳብ ሠራተኛ ማውስም ሆነ ትራክቦል የሚይዝበት ጊዜ እጅግ ይቀንስለታል።

አራተኛ፣ ማውሱን ለጥቂት ሳምንት ወደ ግራ እጅ ማዛወር ነው። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ቀኝ እጅን ያሳርፋል፤ የቁጥር ቁልፎቹም ከመንገዱ ገለል ይላሉ።

እነዚህ ተሞክረው ችግሩ ካልተቃለለ ለብቻው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ፣ ብዙ ሰዓት ሒሳብና ጽሕፈት ለሚያዘወትር፣ ጠረጴዛውም ለጠበበበት ሰው ትራክቦል ይስማማል። ብዙ ሰው ለሚፈራረቅበት የሽያጭ ጠረጴዛ፣ ለሥዕልና ለማስታወቂያ ሥራ፣ እንዲሁም ለአጭር ጊዜ ሥራ ማውስ ይበቃል። በእኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነው፤ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም አሉ፣ በሽያጩ ጠረጴዛ ላይ ማውስ ብቻ አለ።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

ይህን ዕቃ ለመነገድ የሚያስብ ሰው ቀጥለው ያሉትን ነገሮች ቢያስተውል ከኪሳራ ይድናል።

በመጀመሪያ ዋጋውን ይመልከት። ከታወቁት ትራክቦሎች አንዱ የሎጂቴክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ኤርጎ ኤም 575 ሲሆን በአሜሪካ ለገበያ ሲወጣ 50 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያው ኩባንያ በ2017 ያወጣው ኤም ኤክስ ኤርጎ ደግሞ 100 ዶላር ገደማ ነበር። ተራ ባለገመድ ማውስ ከ10 ዶላር በታች ይገኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ የ50 ዶላር ዕቃ በቀድሞው ሒሳብ 2,850 ብር የነበረው ከ5,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የሱቁ ትርፍ ሳይታሰብ ነው። ከማውስ ጋር ጎን ለጎን ተደርድሮ በዋጋ ሊወዳደር የሚችል ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ ገዥው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ገዥዎቹ ከሥራቸው ብዛት የተነሣ እጃቸው የደከመ የሒሳብ ሠራተኞች፣ የባንክና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ በዩኒቨርሲቲ ለረጅም ሰዓት የሚጽፉ መምህራን፣ ጠረጴዛቸው የጠበበባቸው ባለሱቆችም ናቸው። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ ዕቃው ከተስማማቸው ግን ዳግመኛ ማውስ አይገዙም፤ ለባልደረባቸውም ይናገራሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ባለሱቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ከሚያከማች በጥቂቱ ጀምሮ ገበያውን ቢያይ ይሻለዋል።

የሚመጣውም ዓይነት ይለይ። የአውራ ጣቱ ዓይነት በፍጥነት ይለመዳል፤ ግራኝ ደንበኛ ግን አይገዛውም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማስመጣት የሚችል ሰው በሁለት ጣት የሚሠራውን ቢያስመጣ ማንንም ደንበኛ አይመልስም። ገመድ አልባ የሆነው የባትሪ ድንጋይ ስለሚፈልግ ወይም በኤሌክትሪክ ስለሚሞላ ደንበኛው አስቀድሞ ይነገረው፤ ባለገመዱ ግን ከኮምፒዩተሩ ኀይል ስለሚያገኝ ድንጋይ አያሻውም። ዕቃው ሲረከብም ኳሱ ከቦታው በቀላሉ ወጥቶ የሚመለስ መሆኑ ይፈተን፤ ኳሱ የማይወጣ ትራክቦል ሊጸዳ ስለማይችል በጥቂት ወራት ውስጥ የማይረባ ይሆናል።

በሱቁም ውስጥ አንዱ ተከፍቶ ከኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ ይቀመጥ። ይህ ዕቃ በካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል አይሸጥም፤ ገዥው እጁን ሊያሳርፍበት ይገባል። ትልቅ መዳፍ ያለው ሰው በትንሹ ይቸገራል፤ ትንሽ እጅ ያለውም በትልቁ። ከዚህም በላይ ባለሱቁ «ሁለት ሳምንት ሞክረው፤ ካልተስማማህ ሳታበላሸው መልስልኝ» ለማለት ቢደፍር የሚመለስበት ዕቃ ከሚሸጥለት ያነሰ ይሆናል። ይህን ውል መግባት የማይችል ሱቅ ደግሞ ለደንበኛው የመለማመጃው ጊዜ ሁለት ሳምንት መሆኑን ቢያንስ በግልጽ ይንገረው። ይህን ሳይሰማ የገዛ ሰው በሦስተኛው ቀን «አታለሉኝ» ብሎ ይመጣልና።

በመጨረሻም ዕቃው እንደ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይጠንቀቁ። «የእጅ ሕመም ይፈውሳል» ብሎ የሸጠ ነጋዴ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው በተመለሰ ጊዜ መልስ ያጣል። «እጅን ያሳርፋል፤ ቦታ ይቆጥባል» ቢል ግን የተናገረው እውነት ስለሆነ አያፍርበትም።

ለማጠቃለል ያህል፣ ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ለሁሉ ይበልጣል ማለት አይቻልም። ምርጫው በሠራተኛው እጅ፣ በጠረጴዛው ስፋትና በሥራው ዓይነት የሚወሰን ነው። አሠሪዎች ለሚዛናቸውና ለመኪናቸው የሚያደርጉትን ጥንቃቄ መዝገባቸውን ለሚይዘውም እጅ ቢያደርጉ ትርፉ የራሳቸው ነው። ሚዛን ሲሳሳት ይታያል፤ መኪናም ሲደክም ይጮኻል፤ የጸሐፊ እጅ ግን እንደ እኔ ዝም ብሎ ይሠራና የሚታወቀው ጽሕፈቱ ሲበላሽ ነው። እንግዲህ አሠሪዎች ሳይነገራቸው በፊት አንድ ቀን ጠጋ ብለው «እጅህ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚጠቅም እርዳታ መሆኑን በትሕትና አሳስባለሁ።